ግንብ የሌለው ታሪክ

አሰላ መጥታችሁ «ታሪካዊ ቤት አሳዩኝ» ብትሉ ሰው ግራ ይጋባል። ጎንደር የፋሲል ግንብ አለ፣ ሐረር ጀጎል አለ። እኛ ያለን ጭላሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ተራራ ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ እንግዳ ተራራውንና ጋሪውን ፎቶ አንስቶ፣ «የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር» ብሎ ይለጥፍና ይመለሳል።

እኔ ግን ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሮጌ ቤቶችን ስዞር ከረምኩ። አብዛኞቹ ጭቃ ቤት ናቸው። ቆርቆሯቸው ዝጓል፣ ምርጉ በተላጠበት ቦታ ጭዱ ይታያል። ለዓይን የሚሆን ብዙም የለ። ታሪኩ ያለው ስሞቹ ላይና ሰዎቹ ላይ ነው።

ለምሳሌ የከተማው ትልልቅ ሰዎች «የተማርኩት ራስ ዳርጌ ነው» ይላሉ፣ በኩራት። ራስ ዳርጌ የምኒልክ አጎት ናቸው፤ በ1870ዎቹ አርሲን ለማስገበር የዘመተውን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። የአርሲ ልጅ አርሲን በወጉት ሰው ስም በተጠራ ትምህርት ቤት ተምሮ ሰው ሆነ። ይህን ከግድግዳው አታነቡትም።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ካዱ ነው። ካዱ ማለት በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ በዱቤ፣ የተሻሻለ ማረሻ፣ የተዳቀለ ላም፤ የአርሲን ስንዴ ስንዴ ያደረገው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዘር ምርምሩ ቁሉምሳ ላይ ዛሬም አለ።

የታሰበው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን ለማንሳት ነበር። ነገር ግን ስንዴው ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር፣ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኛቸውን አስነስተው ትራክተር አስገቡ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ ብዙ ሰው አስቀድሞ ተነቅሎ ነበር።

ከተነቀሉት አንዱ የአባቴ አባት ናቸው። ኢተያ አካባቢ የሰው መሬት ያርሱ ነበር። አያቴን፣ አኮን፣ ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ትራክተሩ የመጣ ቀን ልጆቹ ሁሉ ሊያዩት ሮጡ» አለችኝ። «እኔም ሮጫለሁ። ደስ ይል ነበር እኮ!»

በዚያው ዓመት ባለመሬቱ ውጡ አላቸው። ልጅ አዝለው፣ አንዲት ላም እየነዱ አሰላ ገቡ።

የእናቴ አባት ደግሞ በዚያው ዘመን አሰላ ላይ መካኒክ ነበሩ፤ ሙያቸው ትራክተር መጠገን። እንግዲህ የአባቴን ወገን ትራክተር ነቀለው፣ የእናቴን ወገን ትራክተር አበላው። እኔ የሁለቱ ልጅ ነኝ። «ካዱ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» የሚል ክርክር ፌስቡክ ላይ ባየሁ ቁጥር የትኛው አያቴ ጋ እንደምቆም አላውቅም። በዓል ሲመጣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ከአንድ ገበታ ጭኮ ይበሉ ነበር። ስለ ትራክተር ሲያወሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አኮ ዛሬም ያኔ የሠሩት ጭቃ ቤት ውስጥ ናት። አጎቶቼ አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩላት ነው። «ይሄማ ቅርስ ነው፣ አይፈርስም» ብዬ ተከራከርኩ።

አኮ ሳቀች። «በየዓመቱ የምመርገው እኔ ነኝ። ክረምት የሚያፈሰው እኔ ላይ ነው። አንቺ ፎቶውን ያዢ፣ እኔ ብሎኬቱን ልያዝ።»

ምን ይመለሳል? ቅርስ ይጠበቅ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የማናድር ሰዎች ነን።

ስለዚህ ሜትር ይዤ ቤቱን ለካሁ። ምሰሶው ከየት እንደመጣ፣ ቆርቆሮው በስንት ብር እንደተገዛ፣ የትኛው ልጅ የትኛው ጓዳ ውስጥ እንደተወለደ እሷ እየነገረችኝ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሚያዝያ ላይ ይፈርሳል። አሁን የቀረኝ ኢተያ ያለው ማሳ ነው። ወሰኑ ላይ ዛፍ ነበር ትላለች፤ ጉልበቷ ካልከለከላት አብረን ሄደን እንፈልገዋለን።