ከቲቪው እስከ አልጋው

ጆይስቲክ ስል የፕሌይስቴሽን መጫወቻውን፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው። ስለ እሱ በዚህ መጽሔት ላይ መጻፌ አንዳንዶቻችሁን ሊገርማችሁ ይችላል። በወጣቶች ኅብረታችን ጌም የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስንማር ነው፤ ትምህርቱም ልክ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ዕቃው ነው፤ በተለይም ገመድ ስለሌለው።

ባለ ገመዱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በፕሌይስቴሽን 2 ጊዜ በየሰፈሩ የነበሩት ጌም ቤቶች አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቲቪና ከሥሩ አንድ ማሽን ነበራቸው። ገመዱ ብዙ ስለሚጎተት ባለቤቱ በፕላስተር እየጠቀለለ ያኖረዋል። ጎል ሲገባ ከኋላ የቆመው ዘሎ ገመዱን ከረገጠ ጨዋታው ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የማን ነው የሚለው ክርክር ከጨዋታው ይረዝማል። ገመዱ የሚደርሰው ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ በመሆኑ ሁላችንም ቲቪው ሥር ተጣብቀን ነበር የምንቀመጠው። ራቅ ብሎ መቀመጥ የፈለገ ተመልካች ይሆናል እንጂ ተጫዋች አይሆንም።

ገመዱን ለማስቀረት ቀደም ብለው ከተሞከሩት አንዳንዶቹ እንደ ቲቪ ሪሞት በኢንፍራሬድ የሚሠሩ ስለነበሩ ሰው መሐል ሲገባ ይቋረጡ ነበር። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ዌቭበርድ የተባለውን በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ጆይስቲክ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 ሲመጣ ደግሞ ጆይስቲኩ በብሉቱዝ የሚሠራ ሆነ። ብሉቱዝ የሚለው ስም ራሱ ከአንድ ንጉሥ የተወሰደ መሆኑን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ሃራልድ ብሉቱዝ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛ ሲሆን፣ ዬሊንግ በተባለ ቦታ ባቆመው ድንጋይ ላይ ዴንማርኮችን ክርስቲያን እንዳደረጋቸው አስቀርጿል። ስልካችን ላይ የምናየው ምልክት የስሙና የቅጽል ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት በጥንቱ የዴንማርክ አጻጻፍ ተደራርበው ነው። ይህ ከጉዳዬ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጉዳዬ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ጭኑ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ብረት ገባለትና ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከአልጋ አልወረደም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ አልጋ አያስገባም። ደግነቱ የመኝታ ክፍሉ በር ከቲቪው ትይዩ ነው፤ በሩ ከተከፈተና ሁለት ትራስ ከጀርባው ከተደረገለት ስክሪኑ ይታየዋል። ከአልጋው እስከ ቲቪው ሰባት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

የኅብረቱ ልጆች አልቀሩም። በሦስት በአራት እየሆኑ ብርቱካንና ጁስ ይዘው ይመጣሉ። አልጋውን ከበው ይቀመጣሉ፣ "እንዴት ነህ?" ይሉታል። እሱም "ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" ይላል። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። አንዱ አይዞህ ይላል፣ ሌላው ይጸልያል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳሉ። ጸሎቱ መልካም ነበር፤ ግን ስለ ምን እንደሚጸልዩ አያውቁም። እሱ አልነገራቸውማ። ለእኔም አልነገረኝም።

ከአክስታችን ልጅ የተላለፈልን ፕሌይስቴሽን 4 ቤት ነበር፤ የሚሠራው ግን አንዱ ጆይስቲክ ብቻ ነው። ሁለተኛ መግዛት እንደምፈልግ ለእናቴ ስነግራት "ይኼም ከመድኃኒቱ ጋር የታዘዘ ነው?" አለችኝ። መርካቶ ሄጄ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ኦሪጅናሉንና ኮፒውን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ እጅ ግን ይለያቸዋል። ኦሪጅናሉ 210 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያሳዩኝ ኮፒዎች ቀለል ይሉ ነበር፣ የአውራ ጣት ማዞሪያቸውም ደረቅ ነው። ኦሪጅናሉን ስትይዘው ሁለቱ እጀታዎች መዳፍህ ውስጥ ይገባሉ፣ ሌባ ጣትህ ሳትፈልግ ቁልፉ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ውድ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ያን ያህል ያስፈልጋል ብዬም አልከራከርም። እግሩን ከፍ አድርጎ በጀርባው ለተኛ ሰው ግን ይለያል። ሆዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ ታች የሚስብ፣ አንሶላ ውስጥ የሚጠላለፍ፣ ነርቭ የሚነካ ነገር የለውም።

መጀመሪያ የተጫወተው ከኅብረታችን ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ነው። ልጁ ራሱ ዝምተኛ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የአንዱ ጆይስቲክ ሰማያዊ የሌላው ቀይ እያበራ፣ ፊፋ በአንድ ቡድን ይጫወታሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከ"አቀብል" እና ከ"አግባው" በቀር የተባለ ነገር አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ሳሎን ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "እግሬ አጥሮ እንዳይቀር ነው የምፈራው" አለ።

ያኛው "በኢየሱስ ስም አይሆንም" ብሎ አላስቆመውም። ኳሷን አቀበለውና "ሐኪሙ ምን አለህ?" ሲል ጠየቀው። ትንሽ እንደ ቆየ መብራት ጠፋ። ቲቪው ጨለመ፣ እነሱ ግን አልተነሱም። ጆይስቲካቸውን እንደያዙ ጨለማው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ሴት ልጅ እያነከሰ ስታየው ምን እንደምትል፣ ጌታ ለምን ይህን እንደፈቀደ። በመጨረሻ ሲጸልዩ "ጌታ ሆይ፣ ግራ እግሩ እንዳያጥር" የሚል ሰማሁ። ስለ ግራ እግሩ በስሙ ሲጸለይ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የታመመ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠህ ስታየው ጥያቄህ ምርመራ ይመስላል። ጎን ለጎን ሆናችሁ ሁለታችሁም ሌላ ነገር ስታዩ ግን አፍ ይፈታል። እናቶቻችን ምስር ሲለቅሙ የሚያወሩት ለዚህ ይመስለኛል። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ሰፌዱ ላይ ነው፣ ልብ ግን ይናገራል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለው ሽባ ሰውዬ አራት ሰዎች ተሸክመው ጌታ ወዳለበት ቤት አድርሰውታል። ወንድሜን ከሦስተኛ ፎቅ የሚያወርድ አልነበረም፤ ሰባቱን እርምጃ ለማለፍ ግን የዕቃው ገመድ አልባነት በቂ ሆነ። ሰባት እርምጃ ትንሽ ናት፤ ለተኛ ሰው ግን ሌላ ሰፈር ናት።

ጌሙን ወደ አገልግሎት ልለውጠው አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይከፍት የዋለባቸውና ያመሸባቸው ቀናት ነበሩ። እናታችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ገብታ ሁለቱንም ጆይስቲክ ወስዳ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍባቸዋለች። ገመድ ስለሌላቸው ለመውረስም ቀላል ናቸው።

አሁን ወንድሜ ይራመዳል። ግራ እግሩ ትንሽ አጥሯል፤ ጫማው ውስጥ ሶል ያደርጋል። ጆይስቲኩ ደግሞ ባትሪው ደክሟል፤ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አንድ ጨዋታ እንኳ አያስጨርስም። ስለዚህ ቻርጅ እያደረግን ነው የምንጫወተው። የቻርጀሩ ገመድ አጭር ስለሆነ ሁለታችንም ቲቪው ሥር ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ግራ እግሩን ይዘረጋል፣ እኔም ገመዱን እንዳልረግጥ እጠነቀቃለሁ።