የጐንደር ግቢና የታላላቅ ሕንፃዎች ስሞች

በጐንደር ከተማ መካከል በ900 ሜትር ቅጥር የተከበበ የነገሥታት ግቢ አለ፤ ስሙም የፋሲል ግቢ ይባላል። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል መሠረቱት፤ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም እየተከታተሉ በየተራቸው አሳነፁበት። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አማርኛን በማጥናት ላይ ለምትገኙ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን፣ የታላላቅ ሕንፃዎችን ስም ለመማር ይህን ግቢ የመሰለ መምህር አይገኝም፤ በዚህ ቃሉና ድንጋዩ አብረው ቆመው ይታያሉና።

ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናችንን የሚስበው የዐፄ ፋሲል ግምብ ነው። በአራቱ ማዕዘን ጕልላት የደፉ ክብ ማማዎች ቆመውለታል። «ግምብ» «ገነባ» ከሚለው ግስ ጋራ የተዛመደ ሲሆን በድንጋይና በኖራ ለተሠራው ይነገራል፤ የጭቃ ቤት የቱን ያህል ቢሰፋ ግምብ አይባልም። «ሕንፃ» ግን ከግእዙ «ሐነፀ» የመጣ ሰፊ ስም ስለ ሆነ ማናቸውንም የታነፀ ቤት ያጠቃልላል። በላይ የተደረበው ክፍል «ደርብ» ነው፤ ዛሬ በከተማ «ፎቅ» ማለት ተለምዷል። ከላይ ወጥተው አገር የሚቃኙበት ደግሞ «ሰገነት» ይባላል።

ግምቡን በአሠራሩ እንደ ጠራነው፣ ክፍሉን በአገልግሎቱ እንጠራዋለን። «እልፍኝ» ጌታው ከቅርብ ሰዎቹ ጋራ የሚቀመጥበት የውስጥ ቤት ነው። «አዳራሽ» ግብር የሚበላበትና ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው፤ ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት ዐፄ በካፋ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። የግቢው በሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ እልፍኝ በር፣ ግምጃ ቤት በር፣ እምቢልታ በር፣ ወንበር በር ይባላሉ። በመጨረሻው ስም «ወንበር» የተባለው የዳኞች መቀመጫ ነው።

ትግርኛ ተናጋሪዎች የሆንን ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። እኛ «ቤት ትምህርቲ» ስንል «ቤት» ይቀድማል፤ አማርኛው «ትምህርት ቤት» ብሎ ያስከትለዋል። ሆኖም ለከበረው ስፍራ የግእዙን ሥርዐት ጠብቆ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ መጻሕፍት ይላል። ስለዚህ በአንዱ ግቢ ውስጥ ግምጃ ቤትንም የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍትም እናገኛለን።

ቅጽሉንም መምረጥ ያሻል። «ትልቅ» መጠንን ሲናገር፣ «ታላቅ» ማዕርግን ይጨምራል፤ የበኵር ወንድም ቁመቱ ቢያጥር እንኳ ታላቅ ነው። «ግዙፍ» ወርድንና ክብደትን ያሳያል። ሰው ፊቱ ቆሞ ዝም የሚልለት ሕንፃ ግን «ግርማ ያለው» ነው፤ «ግርማ» እና «ግሩም» ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ ፍርሃትና አድናቆት በአንድነት አሉባቸው።

ይህ ሁሉ ቃል መምረጥ ለጌጥ ብቻ አይምሰለን። ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት የዐፄ ኢያሱ ግምብ በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ተጐድቷል። እንዲህ ያለውን ቤት በመዝገብ ላይ «ፍርስራሽ» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ድንጋዩን ለወሰደው ሁሉ እንደ ለቀቀ ይቈጠራል፤ ለፍርስራሽ ዘበኛ አይቆምለትምና። «የተጐዳ ግምብ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ጠባቂና ጠጋኝ እንዲታዘዝለት ደብዳቤው ራሱ ይጠይቃል። ግቢው በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ የተጐዱትም ግምቦች አብረው ገብተዋል።

እንግዲህ ባልደረቦቻችን ስለ አንድ ሕንፃ ስትጽፉ፣ በምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ዋለበትና ማን እንደ ኖረበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው ስም ከመልሱ ውስጥ ይገኛል።