ለከፋይ አንቱ

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የሆነው ከኮሮና በፊት ነው። እኛ ጎንደር ተወልደን ያደግን፣ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የምንውል ጓደኛሞች፣ ስፓኒሽ ካልተማርን ሞተን እንገኛለን አልን። የፋሲልን ግንብ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ማስጎብኘት አምሮናላ! የአስጎብኚ ሥራ ደግሞ ግማሹ ትእዛዝ ነው፦ እዩ፣ ጠብቁ፣ ውጡ።

ደንቡ ቀላል መሰለን። ግሱ በ«አር» የሚጨርስ ከሆነ «ር»ን መጣል ብቻ ነው፤ ሚራር (ማየት) «ሚራ» ይሆናል፣ ኤስፔራር (መጠበቅ) «ኤስፔራ»። በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» የሚጨርሰው በ«ኤ» ይዘጋል፤ ኮሜር (መብላት) «ኮሜ»፣ ሱቢር (መውጣት) «ሱቤ»። ወንድና ሴትም አይለይም። እኛ «ክፈት» ያልነውን ለሴት «ክፈቺ»፣ «ውሰድ» ያልነውን «ውሰጂ» እያልን ስንገለብጥ ነው የኖርነው። እፎይ፣ ተገላገልን!

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ሽበታም ስፔናዊት ደረጃው ሥር ቆመው ሳለ ጓደኛችን በልበ ሙሉነት «ሱቤ!» አላቸው። ሴትዮዋ ሳቁና «ሱባ» ብለው አረሙት። ለካስ አንቱታ አላቸው! «አ» የነበረው «ኤ»፣ «ኤ» የነበረው «አ» ይሆናል፤ «ሚራ» «ሚሬ»፣ «ኮሜ» «ኮማ»። ነገሩ የእኛው «ይውጡ» ነው፤ ፊት ለፊታችን የቆመውን ትልቅ ሰው ስለ ሩቅ ሰው እንደምናወራ አድርገን ማዘዝ። ጓደኛችን አያቱን «ውጪ!» ያለ ያህል ተሰማውና የሚገባበት ጠፋው።

ስፔንና የእኛ አገር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛ ተምሮ፣ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1622 ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሞተ። ንጉሡም ሕዝቡን «ካቶሊክ ሁን» ብለው አዘዙ። ብዙ ደም ፈሰሰና በ1632 ትእዛዛቸውን አነሡ። የትእዛዝ አንቀጽ አልጎደላቸውም ነበር።

ያን ማታ አንቱታውን ሸመደድን። ለከፋይ እንግዳ በአንድ ሌሊት!

ጠዋት የለመድነው ቡና ቤት ገባን። ቡና የምታፈላልን ሴት ከእናቶቻችን በዕድሜ ትበልጣለች። ስንት ዓመት «አምጪ»፣ «ድገሚን» ስንላት ኖረናል! እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ ሲኒውን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «እባክዎ ይድገሙን» አለ።

ጀበናቸውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩን።

«ምነው ልጆቼ» አሉ፤ «ምን አጠፋሁ?»