እንባ ላይ ዋሽንት መጨመር

እንጀራዬ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ነው፤ በአዘቦት ቀን ዜና፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ። ይህ ቻናል የፖለቲካ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ኢንዲ ሮክ ክሊፖች ልጽፍ ነው። ትንሽ ታገሡኝ፣ ወደ ዜናው መምጣቴ አይቀርም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኢንዲ» መጀመሪያ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ መሥራት ማለት ነበር። ኋላ ኩባንያዎቹም ገቡበትና የአሠራር ዘይቤ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔን የሳበኝ ግን ጥቂት ነገር ይዘው የሚፈጥሩት ስሜት ነው።

የእንግሊዞቹ ሬዲዮሄድ በ1997 ባወጡት አልበም ላይ «ኖ ሰርፕራይዝስ» የሚል ዘፈን አለ። ክሊፑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሾት ነው። የቶም ዮርክ ጭንቅላት የመስታወት ቆብ ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል፤ ውሃው ከታች ይሞላል፣ አፉን ይሸፍናል፣ ፊቱን ይውጣል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ትንፋሹን ይዞ እናየዋለን። ምስጢሩ ፍጥነት ነው፦ የውሃው ክፍል ሲቀረጽ ዘፈኑ ፈጠን ተደርጎ ተለቀቀ፣ ካሜራውም በዚያው ልክ ፈጠነ፤ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ሰዓቱ ተለጠጠ። እንዲያም ሆኖ ቀላል አልነበረም። የክሊፑ አዘጋጅ ግራንት ጂ በ1998 ባወጣው ዶክመንተሪ ላይ ሰውየው ደጋግሞ ሲሞክርና ሲሳቀቅ ይታያል። እኔ ግን የማደንቀው አለመቆረጡን ነው። እዚያ መሃል ወደ ጊታሩ ወይም ወደ ከበሮው ቢቆረጥ ተመልካቹ ይተነፍስ ነበር። አላስተነፈሱንም።

አርክቲክ መንኪስ በ2005 የመጀመሪያውን ትልቅ ዘፈናቸውን ሲቀርጹ ደግሞ ያረጁ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ፈልገው አመጡ። የድሮ ካሜራ ቱቦ ደማቅ ብርሃን ካየ ቶሎ አይለቀውም፤ ካሜራው ሲዞር መብራቱ እንደ ጅራት ይከተለዋል። የድሮ የበዓል ፕሮግራም ካሴት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ የዘፈኑት በቀጥታ ነው። በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የደበዘዘ ምስል ነው፣ ግን «እዚያ ነበርኩ» ያሰኛል።

ኋይት ስትራይፕስ በ2003 ሚሼል ጎንድሪ በሠራላቸው ክሊፕ ከበሮ በተመታ ቁጥር አዲስ ከበሮ ሲበቅል የሚያሳዩት አለ፤ ያስቃል። ለኤዲተር ትምህርት ቤት ነው፣ ግን ልቤን አልነካውም።

ልቤን የነካው የኒውዮርኮቹ የህ የህ የህስ «ማፕስ» ነው። ካሜራው ዘፋኟ ካረን ኦ ፊት አጠገብ ይቆያል። ዓይኗ ይሞላል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ መዝፈኗን አታቆምም። በኋላ እንደተናገረችው እንባው እውነት ነው፦ ዘፈኑ የተጻፈለት ፍቅረኛዋ ወደ ቀረጻው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ነበር፣ እሷም ለኮንሰርት ጉዞ ልትነሳ ነበር። አዘጋጁ ፓትሪክ ዶተርስ በዚያ እንባ ላይ ምን ጨመረ? ምንም። ቦታ ሰጠው እንጂ።

እንግዲህ ዜናው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ልጃቸውን ያጡ እናት ቀረጻ ሰጠኝ። 40 ሰከንድ ነው። እናትየዋ በመስኮት በሚገባ ብርሃን ተቀምጠዋል፤ ግማሽ ፊታቸው ጨለማ ነው፣ ማንም አላስተካከለውም። ያወራሉ፣ ድምፃቸው ይቆረጣል፣ ያለቅሳሉ። እኔ ጫፍና ጫፉን ብቻ አስተካክዬ ላክሁት። መልሱ «ደረቅ ነው» የሚል ሆነ። ስሎው ሞሽን ይሁን፣ ቀለሙ ይቀዝቅዝ፣ ከሥር ዋሽንት ይግባ።

ሐዘናቸው አነሰ ወይ? ብዬ ጠየቅሁ። ሰው እንዲያጋራው ነው ተባልኩ። ስሎው ሞሽን ጠልቼ አይደለም፤ ሬዲዮሄድም ሰዓት ለጥጧል። እዚያ ግን ክሊፕ እያየን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዜና «እንዲህ ሆነ» ነው የሚለው። እናትየዋ በዚያ ፍጥነት አላለቀሱም፣ ቤታቸውም ዋሽንት አልነበረም። እንዲህ እየለመድን ስንሄድ ደግሞ ሙዚቃ ያልገባለት ለቅሶ ሲመጣ ጣታችን አልፎት ይሄዳል። ማንን እንደምናዝንለት የሚወስነው ኤዲተሩ ሆነ ማለት ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ለቅሶ የሁሉም ወገን ነው።

ሌላ ልጅ ሠራው። ተለቀቀ፣ ብዙ ሰውም አየው። የተለቀቀው 25 ሰከንድ ነበር፣ እንባው ላይ ደብዝዞ ያልቃል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ይቀጥላል። እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ፣ ቀና ብለው ካሜራ የያዘውን ልጅ ያዩታል፣ «ቆመህ ቀረህ እኮ የኔ ልጅ፣ ቡና ላፍላላችሁ?» ይላሉ።