ደረጃው የማን ነው?

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ሲደውሉ «ለንደን ላይ ቤት ገዛሽ ወይ?» ይሉኛል። «የካውንስል ቤት ነው ያለሁት» ስላቸው ትንሽ ዝም ይሉና «ቀበሌ ቤት ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም እየሳቅሁ «ወደዚያው ነው» እላለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር የየአካባቢው ምክር ቤት፣ ካውንስል የሚሉት፣ ቤት ሠርቶ አቅሙ ለማይፈቅድ ሰው ያከራያል። በሰፊው የተጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣ ሕግ ነው። በ1980 ደግሞ ተከራዩ የሚኖርበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዛ ተፈቀደና ብዙ ቤት ተሸጠ። ስለዚህ ዛሬ የካውንስል ቤት ቁልፍ የጨበጠ ሰው ዓመታት ወረፋ የጠበቀ፣ ዕድለኛም የሚባል ነው።

የእኛ ሕንፃ ባለ ስድስት ፎቅ ሲሆን 48 አባወራ ይኖርበታል። በሬን ከዘጋሁ በኋላ ያለው የእኔ ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ከበሬ ውጭ ያለው ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ሊፍቱ፣ ቆሻሻ መጣያው፣ ታች ያለው ዋናው በር። እነዚህ የሁላችንም ናቸው ይባላል። ኦስካር ኒውማን የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንስቷል። በጣም ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ደረጃና መግቢያ ማንም «የእኔ ነው» ብሎ የማይጠብቀው ቦታ ስለሚሆን ለወንጀል ይመቻል ይላል። በኋላ የመጡ ሰዎች «ሁሉን ነገር በግንብ አሳበብክ፣ ድህነቱን ረሳኸው» ብለው ተችተውታል። እኔ ግማሹን እቀበለዋለሁ።

እኛ ጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መብራት ከተቃጠለ ወራት አልፎታል። የዋናው በር ቁልፍም ተሰብሮ ማንም ገፍቶ ይገባል። ማታ ማታ የማናውቃቸው ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያጨሳሉ። ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልክ ይደውልልኝና እኔ ወርጄ አብሬው እወጣለሁ። ካውንስሉ በደብዳቤ «ካሜራ ለመትከል አስበናል» አለን። ካሜራ መጥፎ ነው አልልም። ግን በጨለማ ደረጃ ላይ ምን ሊያይ ነው? ማን ጠየቀን?

ያነቁን ሁላችንም «አንቲ» የምንላቸው፣ ከጃማይካ የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። በየበሩ እያንኳኩ ስብሰባ ጠሩ። ከ48 ቤት 9 ሰው መጣ። ከአራቱ የሐበሻ ቤቶች ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ ስለዚህ የእኛዎቹን የማምጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። አንዷ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ስናማርር ቤቱን ቢቀሙንስ?» አለችኝ። ይህ ፍርሃት ከአገር ይዘነው የመጣነው ይመስለኛል። ካውንስሉ ግን ቋሚ ተከራይን ፍርድ ቤት ሳያዝ ማስወጣት አይችልም፤ «መብራት ጠፋ» ማለት ደግሞ ከቤት የሚያስወጣ ጥፋት አይደለም። ሌላዋ ፍርሃት አልነበረባትም። ቢሮ ነው የምታጸዳው፤ ስብሰባው የተጠራው እሷ ለሥራ በምትወጣበት ሰዓት ነው። አንቲ ይህን ሲሰሙ ስብሰባውን ቅዳሜ ረፋድ አደረጉት። በሚቀጥለው 23 ሰው መጣ። እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ሰውን መጠየቅ ይበቃል።

የካውንስሉ የቤት ጉዳይ ሠራተኛ በየሦስት ወሩ እየመጣች ግቢውን ትዞራለች። ሁልጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የእኛ ሕንፃ ምንም አይለውም። አንቲ «አሁን ደግሞ ማታ ነይ» አሏት። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፤ ለንደን በዚያ ወቅት ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። በአሥራ ሁለት ሰዓት አብረናት ደረጃውን መውጣት ጀመርን። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ሳንነግራት ስልኳን አወጣችና ባትሪውን አበራች። ማንም ምንም አላለም። መብራቱ በሦስት ሳምንት ተሠራ። የበሩ ቁልፍ ግን ስምንት ወር ፈጀ፤ እሱም አንቲ በየሰኞው እየደወሉ ነው።

ከሁሉ የከበደው የልጆቹ ጉዳይ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ተነስቶ «እነዚያ ታች የሚቆሙት ዱርዬዎች በፖሊስ ይባረሩ» አለ። ከኋላ አንዲት ሶማሊያዊት እናት ብድግ ብላ «ዱርዬ የምትለው የእኔ ልጅ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ስሙን ታውቀዋለህ?» አለችው። ሰውዬው አያውቀውም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ራሳቸው ተጠሩ። ሙሉ ፕሮግራም የሚጠይቁ መስሎን ነበር። የጠየቁት አንድ ሰሌዳ እንዲነሳ ነው። እንግሊዝ አገር የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየካውንስሉ ግቢ ግድግዳ ላይ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። ሣሩ ላይ መጫወት ካልተፈቀደ ደረጃው ላይ መቀመጥ ነው፤ ሌላ ምን ይሁኑ? ሰሌዳው ተነቀለ። ዓመታት ተቆልፎ የኖረው የግቢው አዳራሽም አርብ አርብ ይከፈት ጀመር። ደረጃው ላይ የሚያጨሱት የውጭ ሰዎች አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ግን ልጆቹ ስለሚያውቁን እኛም ስለምናውቃቸው ብዙ አይቆዩም።

እዚህ ላይ ግሬንፌልን ሳላነሳ አላልፍም። በምዕራብ ለንደን የነበረ ባለ 24 ፎቅ የካውንስል ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት በእሳት ጋየና 72 ሰው ሞተ። ሐበሾችም ይኖሩበት ነበር። ነዋሪዎች አደጋው ከመድረሱ ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብለው፣ በዚህ አያያዝ ሰው ካልሞተ የሚሰማን የለም ብለው ጽፈው ነበር። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ ሕንፃውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ስሙ ራሱ «የተከራዮች አስተዳደር» መሆኑ ነው። ቦርዱ ላይ ተከራዮች ነበሩበት። በ2024 የወጣው የምርመራው የመጨረሻ ሪፖርት የሁሉም ሞት ሊቀር ይችል ነበር ብሏል። ስለዚህ «ተከራዩ ተሳትፏል» የሚል ወረቀት ስታዩ፣ የተናገረው ተፈጸመለት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠንክሯል። ሮችዴል በሚባል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ቤቱ ውስጥ ባለ ሻጋታ ምክንያት ሞቶ በስሙ ደንብ ወጥቷል። ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕይወት የሚያሰጋ ብልሽት በ24 ሰዓት ውስጥ መያዝ አለበት፤ አደገኛ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። እንግሊዝ ያላችሁ ዘመዶቻችሁን ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።

እናንተ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩስ? እህቴ ጀሞ ናት፤ የእሷ ብሎክ ደረጃ ከእኛ አይለይም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የጋራ መጠቀሚያውን ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው የሰጠው። ነገር ግን ብዙ ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ይኖራል። ደረጃውን በየቀኑ የሚወጣው ተከራዩ ስብሰባው ላይ የለም፤ ለጥበቃ ብር አምጣ ሲባል ግን በሩ ይንኳኳል። እህቴ ተከራይ ናት። «እኔን ማን ይጠራኛል?» ትለኛለች። ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ይህን ካነበባችሁ ጥሯት።

የእኛ ሊፍት እስካሁን በወር ሁለት ጊዜ ይቆማል። አንቲ የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ልጆቹ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር የእሳቸውን አስቤዛ ተሸክሞ የሚያወጣ የተረኛ ስም ዝርዝር ጽፈው መጡ። አንቲ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «እኔ የጠየቅሁት ሊፍት ነው» አሉ። ወረቀቱን ግን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።