የጋፋት ተማሪዎች

ከባሕር ዳር መጥቶ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው የፎገራን የሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ትቶ፣ ዓለም በርን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይለወጥበታል። ሙቀቱ ይቀርና ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል ብርድ በመስኮት ይገባል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነበር፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጉና ቆሟል። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከእሱ ነው። ይህን አገር ገና መንገዱ ላይ ሳለሁ ወደድኩት።

የሳበኝ ጋፋት ነው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለ ጉብታ ሲሆን፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ጓደኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ምድጃ ሠርተው ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ። ንጉሡ ሙያ እንዲቀስሙ ያስገቧቸው የአገሩ ወጣቶችም አብረዋቸው ነበሩ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወጣ፤ በገደልና በሸለቆ ተጎትቶም መቅደላ ደረሰ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ስለ ጉተታው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ጉብታው ላይ ቆሜ የማስበው ከጉተታው በፊት የነበሩትን ወራት ነው። እዚህ ሰዎች የማያውቁትን ሙያ እየሞከሩ ተምረዋል፤ በተሳሳቱ ቁጥርም ነሐሱ፣ ከሰሉና የንጉሡ ትዕግሥት አብሮ ያልቅ ነበር።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙን የወሰደው ከዚህ ጉብታ ነው። መንገድ ሊያሳየኝ አብሮኝ የወጣው ወጣትም የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበር። ስለ ምድጃው ስናወራ ቆይተን ስልኩን አወጣና፣ «ጋሼ፣ እኛ ደግሞ የምናቃጥለው እዚህ ላይ ነው» አለኝ።

ስክሪኑ ላይ ባዶ ሰሌዳ አለ። በጣቱ ባትሪ ጎትቶ አስቀመጠ፤ ሽቦ ቀጠለ፤ አምፖል አሰረ። አምፖሉ በራ፤ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሲጓዙ ይታያሉ። ሌላ ባትሪ ሲጨምር ነጠብጣቦቹ ፈጠኑ፤ የአሚተሩም ቁጥር ወጣ። ከዚያ ሆን ብሎ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ አገናኘና ሾርት አደረገው። ባትሪው ነደደ። በአንድ ንክኪ አጠፋውና እንደገና ጀመረ። እኔም ተቀብዬው አቃጠልኩት። ኮረንት የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁ ያህል ሆኖ ተሰማኝ፤ ከፊዚክስ መጽሐፍ ያን አግኝቼ አላውቅም።

ፕሮግራሙ ፌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በቀጣዩ ዓመት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ነው፤ ከሽልማቱ ገንዘብም ከፊሉን አውለውበታል። በነጻ ይሰጣል፤ ፈቃደኛ መምህር በራሱ ቋንቋ ሊተረጉመው ይችላል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ የመጨረሻው እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፋይልን ግን የሚያቋርጠው የለም።

አገራችን በስክሪን ማስተማርን ቀድማ ታውቀዋለች። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ፣ በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም፤ መምህሩም ሊያቆመው አይችልም ነበር። እኔ በበኩሌ የፕላዝማ ጉድለት እዚህ ላይ ነበር እላለሁ፤ ተማሪውን አይጠብቀውም ነበር። ፌት ግን ይጠብቃል። ጥያቄም ሲቀርብለት ይመልሳል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ የቤተ ሙከራ ችግር አለ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ሲወሰን፣ ቤተ ሙከራው በዚያው ልክ አልሰፋም። ብዙ ተማሪ አንድ መሣሪያ ዙሪያ ቆሞ አንዱ ሲነካ ሌላው ያያል። ስለዚህ ስክሪኑ መጀመሪያ፣ ሰሌዳውና ብየዳው ቀጥሎ ቢመጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ብረት ማቅለጥም ሆነ ሽቦ መበየድ በመጨረሻ የእጅ ሥራ ነው፤ በስክሪን ብቻ የተማረ መሐንዲስ አልቀበልም። ግን መቶ ጊዜ በነጻ አቃጥሎ የመጣ ተማሪ እውነተኛውን ባትሪ ሲይዝ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ከጉብታው ስንወርድ ተማሪው ቁልቁል ወደ ፎገራ አቅጣጫ እያመለከተ የውሃ ምህንድስና ስለሚማር የዶርም ጓደኛው ነገረኝ። ሄክ-ራስ በሚባለው፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ሠርተው በነጻ በሚያድሉት ፕሮግራም፣ ርብን በላፕቶፑ ላይ ያስሞላዋል አለኝ። የወንዙን ስፋትና የመሬቱን ተዳፋት ያስገባል፤ ክረምቱን ያጠነክራል፤ ከዚያ ውሃው ከዳር ወጥቶ የትኛውን ማሳ እንደሚይዝ ያያል። ርብና ጉማራ እውነተኛውን ሜዳ በየክረምቱ ያጥለቀልቁታል፤ ስለዚህ ልጁ ያወጣውን ውጤት እዚያው ካለው ገበሬ ጋር ማመሳከር ይችላል። ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የት ይገኛል?

«እንዲያ ከሆነ የጋፋትን ምድጃ በስክሪን ላይ ለምን አትሠሩትም?» አልኩት።

ቆመ። ከመቶ 90 መዳብ፣ 10 ቆርቆሮ ብለን ጀመርን። መዳብ ብቻውን በ1,085 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮው ሲገባ ያ ይወርዳል። 7 ቶን ነሐስ በአንዴ ለማፍሰስ ስንት ምድጃ ያስፈልጋል? የመጀመሪያው ቀድሞ ቢቀዘቅዝስ? ነሐሱ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ እርጥብ ከሆነ ምን ይፈጠራል? እሱ መልሱን ትቶ የሚንቀሳቀሱትን ነገሮች ይቆጥር ጀመር፦ የከሰል መጠን፣ የወናፍ ንፋስ፣ የማፍሰሻው ቦይ ርዝመት። ቫልድማየር ስለ ሕይወቱ የጻፈው መጽሐፍ እንዳለ ነገርኩት። ስሙን ስልኩ ላይ መዘገበና፣ «የሸክላውን ነገር ግን ከመጽሐፍ አናገኘውም፤ እዚሁ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን ነው የምንጠይቅ» አለኝ።