ጌጡና ፍሬኑ

ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ የሚፈጅ ፍቅር ሲይዘው ምን እንደሚሆን ለማየት የሚሻ ቢኖር ወደ እኔ ይምጣ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ተማምኜ በየመጽሔቱ ደጅ ጽሑፍ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። የደመወዝ ቀን የለኝም። ሞተር ሳይክል ግን አለኝ፤ ያማሃ ኤክስ ቲ 500።

የገዛኋት አንድ የእርዳታ ድርጅት ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ ነው። አንድ ፒስተን ብቻ ያላት፣ በእግር ተረግጣ የምትነሣ፣ ከፊትም ከኋላም በታምቡር ፍሬን የምትቆም የዱሮ ሞተር ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1979 የተጠናቀቀውን የመጀመሪያውን የፓሪስ-ዳካር ውድድር በሞተር ሳይክል ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ የጋለበው የእሷኑ ዓይነት ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ልቤ አበጠ። ሰሃራን ያቋረጠች ሞተር ዓባይን እንዴት አታቋርጥም?

ሐሳቤ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ደብረ ማርቆስ እናቴ ዘንድ መሄድ ነበር። ለጉዞው ብዬ ማስጌጥ ጀመርኩ። ምናለሽ ተራ ካለ አንድ በያጅ ጋር ተዋውዬ ከላሜራ ሁለት የጎን ሣጥኖች አሠራሁ። ከኋላ ፖርቶ መጋላ አስበየድኩ፤ በፖርቶ መጋላው ላይ ሦስተኛ ሣጥን ተቀመጠ። ከፊት ነፋስ የሚመክት ሰፊ ሚካ ተተከለ። ሁለት ተጨማሪ መብራቶችም ገጠምኩ፤ የሞተሯ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ብቻ መሆኑን ያስታወስኩት ባትሪው ከሞተ በኋላ ነው። መብራቶቹን ግን አልፈታኋቸውም። ባይበሩም ያምሩ ነበር።

በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሞተሯን ሳሳያቸው ሣጥኖቹን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ካንዴላዋን ፈትተው ጫፉን አሳዩኝ፤ ጥላሸት ለብሷል።

«ይኼ የከተማችን ከፍታ ሥራ ነው» አሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይልካል፤ በቅጡ ያልነደደው ጥላሸት ይሆናል። የካንዴላው ጫፍ ቡናማ ሲሆን ጤና ነው፤ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ እየጋለ ነው። ሽማግሌው የካርቡራተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጉልኝና ወደ ጎማው ጎንበስ አሉ።

«የፍሬን ሸራህ አልቋል። ሳትቀይር ዓባይን እንዳትወርድ።»

«እሺ ጋሼ፣ ስመለስ እቀይራለሁ።»

የሸራው ገንዘብ ሚካው ላይ ውሎ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ተነሣን። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በየመንደሩ ልጆች እየሮጡ ያጅቡናል፤ ባለቤቴ እጇን ታወዛውዛለች፤ እኔ በሚካው ውስጥ እንደ ንጉሥ አያለሁ። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። እኔም ብልጥ ነኝና ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አደረግሁት።

ያደረግሁት ነገር ምን እንደነበር ያሰላሁት በኋላ ነው። ሞተሯ፣ እኛ ሁለታችን፣ ሣጥኖቹና ዕቃው ተደምረን ወደ 300 ኪሎ እንመዝን ነበር። ይህ ክብደት ያን ያህል ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ተይዞ ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት ከ10 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በማርሽ ቢወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ሸክሙን ይጋራል። በፎሌ ግን ያ ሁሉ እሳት በሁለት ታምቡሮች ውስጥ ይከማቻል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ የጋለው ሸራም መያዙን ይተዋል።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ገባልኝ። ከፊታችን አንድ አይሱዙ ያዘግማል፤ ከአይሱዙው ወዲያ ገደል ነው። ማርሹን ባስገባ ተንገጫግጮ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ጆሮዬ ሥር «ያዝ እንጂ!» ትላለች፤ የምይዘው ነገር የለኝም። በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ መሪውን አዞርኩ።

ስነቃ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋለች። አላለቀሰችም። አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ እርሷ ስሮጥ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ሣጥኖችህ ደህና ናቸው?» አለችኝ።

ደህና ነበሩ። አንዳቸውም አልተጫሩም። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን አጥንቴ ድረስ የገባ ስድብ አላገኘሁም። የእጇ አጥንት ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረች። በነዚያ ሳምንታት ሊጥ ያቦካሁት እኔ ነኝ።

ሞተሯ በጭነት መኪና ተመልሳ ስትመጣ ሽማግሌው መካኒክ «ብዬህ አልነበር?» አላሉም። የብሎን መፍቻ በእጄ ሰጡኝና ሚካውን፣ መብራቶቹንና የላይኛውን ሣጥን እኔው እንድፈታቸው አደረጉ። ከዚያ አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባን፤ የፍሬን ሽቦውን ቀየርን፤ ሰንሰለቷን ወጠርን። ስንጨርስ ሞተሯ የተላጨ በግ መሰለች። እሳቸው ግን ዙሪያዋን ዞረው «አሁን አማረች» አሉ።

«ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ጌጥ ሰው ያየዋል፤ ፍሬን ማንም አያይም። ገንዘቤን ያወጣሁት ሰው ለሚያየው ነገር ነበር።

ባለቤቴ እንደገና ከኋላዬ ለመቀመጥ አንድ ዓመት ፈጀባት። ዛሬም ገበያ እንኳ ስንሄድ፣ ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ የፍሬኑን እጀታ በራሷ እጅ ጨበጥ ታደርጋለች፤ በዚያችው በተሰበረችው እጇ። እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ።